ወደፊት ቱርቦ ለሚገጠምለት ትንሽ ሞተር፦ በዕድሳቱ ጊዜ ምን ይሠራ፣ ምን ይቆይ?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. የ2002 ስሪት የሆነ 1.3 ሊትር ቶዮታ ያሪስ አለኝ። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይም ደክሟል። መካኒኬ ሞተሩን አውርደን ሪቦር እናስደርገው ይላል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ቱርቦ ልገጥምለት ስለማስብ፣ አንዴ ከተፈታ ለቱርቦ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሁኑኑ ማስገባት እፈልጋለሁ። ሞተር ፈትቼ አላውቅም፤ ግን ከመካኒኩ ጎን ሆኜ በእጄ መሥራት እሻለሁ። ከየት ልጀምር?» የሚኖሩት አዲስ አበባ መሆኑንም ጠቅሰዋል። ይህ መረጃ ከሚያስቡት በላይ መልሱን ስለሚለውጠው በየቦታው እመለስበታለሁ።

ቃላቱን ባጭሩ ልተርጉም፦ ቱርቦ በጭሱ ጉልበት እየዞረ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነው፤ ሪቦር ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ በማሽን ሞርዶ ማስፋት ነው። በመጀመሪያ የሥራውን ወሰን እናስምር። በዚህ ዕድሳት መሠራት ያለበት ሞተሩ ተዘግቶ ከተገጠመ በኋላ እጅ የማይደርስበት ነገር ብቻ ነው፦ ሲሊንደር፣ በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ኮሎ (የሚዞረው ዋና ዘንግ)፣ ቢዬላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ)፣ ብሮንዚን (ኮሎውና ቢዬላው የሚዞሩበት ስስ ልባጥ)፣ የዘይት ፓምፕና የዘይት ኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ)። ቱርቦው ራሱ፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ኢንጄክተሮቹ (ነዳጅ የሚረጩት)፣ ማኒፎልዱ (አየርና ጭስ የሚተላለፉበት ቱቦ) እንዲሁም ኮምፒውተሩ ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ሊገጠሙና ሊነሡ የሚችሉ ስለሆኑ ዛሬ ገንዘብዎን ሊወስዱ አይገባም። ከውስጠኛው ሥራም ቢሆን አብዛኛው ውድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን በትክክል መለካት ነው። ቱርቦ የተገጠመለት ትንሽ ሞተር ሲፈርስ ሰው ሁሉ በቱርቦው ቢያሳብብም፣ ተፈትቶ ሲታይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሳይለካ የተገጠመ ፋሻ ወይም ሳይለካ የተመረጠ ብሮንዚን ነው።

ሞተሩን ከማውረድዎ በፊት ዘይቱ የት እንደሚሄድ ይወቁ። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት በሞተር ፍሬን ወርደው ነዳጅ ሲረግጡ የሚያጨስ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በይበልጥ የቫልቮላ ጎሚኒዎች (ዘይት በቫልቮላዎቹ ዘንግ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱት ላስቲኮች) ላይ ይወድቃል፤ ይህ ደግሞ ያለ ሙሉ ዕድሳት የሚፈታ ችግር ነው። ጉልበት ሲጠየቅ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ መታየት አለባቸው። ይህን ለመለየት የኮምፕሬሽን ፍተሻ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት መለካት) ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ባለመኪና በቀላሉ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የዚህ የሞተር ቤተሰብ የጥገና መመሪያ ደኅና ሞተር በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 15 ኪሎግራም ያህል ማሳየት እንዳለበትና ከ11 በታች ከወረደ ጥገና እንደሚያስፈልገው ይገልጻል። ቁጥሩ ግን የባሕር ጠለል አየርን ታሳቢ ያደረገ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለችው ከተማችን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተርም እዚህ ሲለካ 11 አካባቢ ቢያሳይ የሚገርም አይደለም። በዚህ ቁጥር ብቻ «ሞተሩ አልቆለታል» የሚል ፍርድ እንዳይቀበሉ። ከጠቅላላው መጠን ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፤ መመሪያው የሚፈቅደው 1 ኪሎግራም ያህል ነው። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ ዳግመኛ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ደግሞ ቫልቮላው ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ አካል በብሎኩና ከላዩ በሚከደነው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

አሁን ወደ ቱርቦው እቅድ ልሻገር፤ ምን ዓይነት ፒስተን እንደሚገባ የሚወስነው ይህ ነውና። የእርስዎ ሞተር 2ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባለው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75.0 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 73.5 ሚሊሜትር፣ መጠኑ 1,298 ሲሲ፣ የመጨመቅ ምጣኔው (ፒስተኑ ከታች ሲሆን ያለው ቦታ ከላይ ሲደርስ ከሚቀረው ጋር ሲነጻጸር) 10.5 ለ 1 የሆነው ነው። ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት ወደ 87 ፈረስ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ላይ የሚስበው አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ በተግባር የሚያገኙት ከ65 እስከ 67 ፈረስ ነው። ዳገት ላይ ደክሟል ያሉት ሞተር ከድካሙ ከፊሉ የከፍታው እንጂ የእርጅናው አይደለም ማለት ነው፤ በሚገባ የታደሰ ሞተርም ይህን ከፊል አይመልስልዎትም። ቱርቦ የሚመልሰው ግን ይህንኑ ነው። ከአካባቢው አየር በላይ 0.25 ባር (1 ባር የባሕር ጠለል የአየር ግፊት ያህል ነው) ቢጨምር፣ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ቱርቦ ከሚስበው ጋር ይስተካከላል። ቱርቦ የጨመቀው አየር ስለሚሞቅ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እኩል ባይሆንም፣ ፒስተኑና ቢዬላው የሚሸከሙት ጫና ፋብሪካው ካሰበላቸው ብዙም አይርቅም።

ከዚህ ተነሥቼ ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያ ግብ 0.3 ባር አካባቢ ነው። ይህ ግብ አዲስ አበባ ላይ በግምት ከ85 እስከ 90 ፈረስ ይሰጣል፤ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የእንጦጦን ዳገት ሲወጡ በግልጽ የሚሰማ ነው፣ ለዚህም ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ ፒስተንና ልዩ ቢዬላ አያስፈልግም። ከ0.5 እና 0.6 ባር በላይ ካሰቡ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የመጨመቅ ምጣኔው መውረድ፣ ፒስተኑም መቀየር ይኖርበታል።

ቶዮታ ራሱ ይህን ሥራ በትንሽ ሞተር ላይ ሲሠራ ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅማል። በብዙ የአዲስ አበባ ጋራዦች የሚታወቀው ስታርሌት 4ኢ-ኤፍኢ የሚባል 1,331 ሲሲ ሞተር ነበረው፤ የመጨመቅ ምጣኔው 9.6 ለ 1 ነበር። የዚሁ ሞተር ባለ ቱርቦ ወንድም 4ኢ-ኤፍቲኢ ግን ምጣኔው ወደ 8.2 ለ 1 ወርዶ፣ ኢንተርኩለር ታክሎበትና የነዳጅ ሥርዐቱ ሁሉ ተለውጦ ነበር 135 ፈረስ የሰጠው። ትልቅ ጉልበት የፈለገ መሐንዲስ ሞተሩን ከውስጥ ሳይነካ ቱርቦ አልለጠፈበትም።

«እንግዲያውስ አሁኑኑ ምጣኔውን ወደ 9 ላውርደው» ማለትዎ አይቀርም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአንዱ ሲሊንደር መጠን ወደ 324.7 ሲሲ ነው። በ10.5 ምጣኔ ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 34.2 ሲሲ፣ በ9 ምጣኔ ደግሞ 40.6 ሲሲ ነው። ስለዚህ በየሲሊንደሩ 6.4 ሲሲ ቦታ መፍጠር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ይህን በወፍራም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለማግኘት ይሞክራል፤ ስሌቱ የሚጠይቀው ግን ከመደበኛው ወደ 1.4 ሚሊሜትር የሚበልጥ ውፍረት ነው። በዚህ ሞተር ላይ የካቴናው (ኮሎውን ከቫልቮላ ማንቀሳቀሻው የሚያገናኘው ሰንሰለት) ክዳን ብሎኩንም ቴስታታውንም በአንድነት የሚይዝ ስለሆነ፣ ቴስታታው ይህን ያህል ከፍ ሲል የክዳኑ ቡሎኖች ቀዳዳቸውን አያገኙም፣ የካቴናው አቀማመጥ ይዛባል፣ በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ነዳጅና አየርን የሚያማታው ጠባብ ቦታም ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ አናቱ የጎደጎደ ፒስተን ነው። እሱን ዛሬ ካስገቡ ደግሞ ቱርቦው እስኪመጣ ድረስ፣ ምናልባትም ለዘለዓለሙ፣ ቀድሞውኑ አየር ያጠረውን ሞተር ይበልጥ አድክመው ይነዳሉ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የፋብሪካውን ምጣኔ ሳልነካ ትቼ ግቡን በ0.3 ባር እወስነው ነበር።

ሪቦርን በተመለከተ መካኒክዎን በአክብሮት ልቃወማቸው። የዚህ ሞተር ብሎክ አሉሚኒየም ሆኖ በውስጡ የተቀበሩት የብረት ካሚቻዎች (የሲሊንደሩ ግድግዳ የሆኑት ቱቦዎች) በጣም ስስ ናቸው፤ አምራቹም ካሚቻው ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ በማሽን እንዳይሞረድ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ሪቦር በድሮዎቹ ሙሉ ብረት ብሎኮች ላይ ጥሩ ሥራ ነበር፤ እዚህ ግን ግድግዳውን ማሳሳት ነው፣ ስስ ግድግዳ ደግሞ የቱርቦ ግፊት ሲመጣ ቅርጹን ለመጠበቅ ይቸገራል። ስለዚህ አስቀድሞ ይለካ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ከፍታ በሁለት አቅጣጫ፣ በድምሩ 6 ቦታ ላይ በውስጠኛ ስፋት መለኪያ ጌጅ ይለካል፤ ጌጁ በማይክሮሜትር የተስተካከለ መሆን አለበት፤ የተለመደው ካሊብሮ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የአዲስ ሲሊንደር ስፋት ከ75.000 እስከ 75.013 ሚሊሜትር ነው። ልኬቱ በመመሪያው ወሰን ውስጥ ከሆነ፣ የተለሰለሰው ግድግዳ በሆኒንግ ብቻ ተጭሮ አዲሱ ፋሻ የሚይዝበት የተጠላለፈ መስመር ይወጣለታል። ከወሰኑ ካለፈ ምርጫው ሌላ ጤነኛ ብሎክ መፈለግ ነው። ሶማሌ ተራ ብሎክ ሊገዙ ሲሄዱም ይህንኑ ጌጅ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ «ጃፓን እንደወረደ ነው» ማለቱ ልኬት አይተካም።

ሌላ ብሎክ መግዛት ግድ ከሆነ አንድ ሐሳብ ልጨምር። 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የተባለው 1,497 ሲሲ ሞተር የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት ተመሳሳይ 75.0 ሲሆን የሚለየው በ84.7 ሚሊሜትር የፒስተን ጉዞው ነው። ጤነኛ ባለ 1.5 ሙሉ ሞተር ከነኮምፒውተሩ ማስገባት 15 በመቶ ተጨማሪ መጠን ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ከቱርቦ የሚጠብቀውን ግማሽ ያህል ያለ ምንም የሙቀት ጣጣ ያገኝበታል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ ግን ከመግዛትዎ በፊት የሰነዱን ጉዳይ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ፋሻው እንምጣ፤ ለወደፊቱ ቱርቦ በዛሬው ዕድሳት ከሚደረጉት ነገሮች ሁሉ ርካሹና ዋናው ይህ ነውና። ፋሻ የተዘጋ ቀለበት አይደለም፤ ሁለት ጫፎቹ መካከል ክፍተት አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ፋሻው ይረዝማል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ቱርቦ ሙቀቱን ሲጨምረው ክፍተቱ ጨርሶ ከተዘጋና ጫፎቹ ከተገናኙ፣ ፋሻው የሚሄድበት ስለሌለው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጥጣል፣ ቀጥሎም የፒስተኑን የፋሻ ማቀፊያ ይሰብራል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር የላይኛው ፋሻ ክፍተት የሲሊንደሩ ስፋት በ0.004 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ለ75 ሚሊሜትር 0.30 ሚሊሜትር ይሆናል። ለመጠነኛ ቱርቦ ማባዣው 0.005 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከ0.375 ይጀምራል። ከፒስተኑ ጋር የመጣ የአምራቹ ሠንጠረዥ ካለ እሱን ይከተሉ፤ ከሌለ 0.40 ሚሊሜትር አካባቢ ቢያደርጉት ዛሬ ያለ ቱርቦ ሲነዱ የሚያጡት እምብዛም ነው፣ ነገ ግን ሞተሩን ዳግመኛ ከመፍታት ያድንዎታል። ሁለተኛው ፋሻም ከላይኛው ያነሰ ክፍተት አይሰጠው።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገርዎ፤ ይህ ጀማሪ በገዛ እጁ በደንብ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገቡና በተገለበጠ ፒስተን አናት ገፋ አድርገው ወደ ታች ያውርዱት፤ ፒስተኑ የሚገፋው ፋሻው ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ነው። ሲሊንደሩ ሪቦር ስላልተደረገ ከላይ ትንሽ የሰፋ፣ ከታች የጠበበ ይሆናል፤ ስለዚህ ልኬቱን ፋሻው ከሚመላለስበት ቦታ በጠባቡ ላይ ይውሰዱ፣ ጫፎቹ መጀመሪያ የሚገናኙት እዚያ ነውና። ከስስ የብረት ቅጠሎቹ መለኪያ የ0.40ውን መርጠው በክፍተቱ ያስገቡ፤ ቅጠሉ ሲሳብ ጥቂት ይዞ የሚለቅ ከሆነ ልክ ነው፣ እንደልቡ ከገባ ሰፍቷል። ጠብቦ ከተገኘ ፋሻውን አውጥተው አንዱን ጫፍ ብቻ በስስ ሞረድ ያስተካክሉ፤ ሞረዱ ሁልጊዜ ከውጭኛው ፊት ወደ ውስጥ ብቻ ይሂድ፣ ተመላልሶ ከተሞረደ የውጪው ልባጥ ይላጣል። ከሁለትና ሦስት ግፊት በኋላ መልሰው ይለኩ፤ መቀነስ እንጂ መጨመር አይቻልምና አይቸኩሉ። ሲጨርሱ የጫፉን ሹለት በደቃቅ የመሳያ ድንጋይ አለስልሰው፣ ፋሻው የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ጽፈው ለብቻው ያስቀምጡት። በአንዱ ሲሊንደር የተለካ ፋሻ በሌላው አይገባም።

ኮሎው ሲወጣ የማረፊያዎቹ ስፋት፣ ክብነትና መጣመም ይለካል። የዋናዎቹ ብሮንዚኖች አመራረጥ በቶዮታ ዘንድ በግምት አይደለም፤ ብሎኩና ኮሎው ላይ የተቀረጹ ትንንሽ ቁጥሮች ተደምረው የሚስማማውን የብሮንዚን ቁጥር ይሰጣሉ። ኮሎውን ጠራርገው እነዚህን ቁጥሮች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ገበያ ላይ «ስታንዳርድ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ብሮንዚን ለሁሉም ማረፊያ እኩል አይሆንም። ከተመረጠም በኋላ የዘይቱ ክፍተት ፕላስቲጌጅ በምትባለው፣ ስትጨፈለቅ ስፋቷ በሚለካ ቀጭን ክር ይረጋገጥ። በክሯ ልኬት ጊዜ ኮሎው አይዙር፣ ዘይትም አይቀባ። የቢዬላና የቴስታታ ቡሎኖች በቶርክ ሬንች ከጠበቁ በኋላ በዲግሪ የሚዞሩ፣ ሲጠብቁም የሚሳቡ ዓይነት ናቸው፤ የቀጭን ቦታቸው ልኬት መመሪያው ከሚፈቅደው በታች ከወረደ መልሶ መጠቀም አይቻልም፣ እኔ ግን ቱርቦ ለታሰበለት ሞተር ሁልጊዜ አዲስ እገዛለሁ። በክንድ ስሜት «ይበቃዋል» ብሎ ማጥበቅ እዚህ ቦታ የለውም።

የዘይት ፓምፑ ክፍተት ይለካ፣ የብሎኩ የዘይት መተላለፊያዎች በብሩሽና በማጠቢያ ፈሳሽ ታጥበው በአየር ይነፉ፤ ሲሊንደሩ ከሆኒንግ በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ግራጫ ምልክት እስከማይተው ድረስ ይጽዳ። ከዚያ ወዲያውኑ ዘይት ይቀባ፣ አለበለዚያ በደቂቃዎች ዝገት ይይዘዋል።

ኮፓው ሲወርድ ለቱርቦው አሁኑኑ የሚደረግ አንድ ሥራ አለ። ቱርቦ ዘይት በግፊት ይቀበላል፣ የሚመልሰው ግን ያለ ግፊት፣ በስበት ብቻ ነው። ስለዚህ መመለሻው ሰፊ፣ ያለ እጥፋት ቁልቁል የሚወርድና ከኮፓው የዘይት መጠን በላይ የሚገባ መሆን አለበት፤ ውስጡ ከ16 ሚሊሜትር ያላነሰ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህን መግቢያ በስቶ መበየድ የሚቻለው ኮፓው ወርዶ ባዶ ሲሆን ነው፤ በኋላ መኪናው ላይ እንዳለ ከተሞከረ የብረት ፍቅፋቂ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስበይዱት፣ እንዳያፈስም በውኃ ያስፈትሹት፣ ከዚያ ቱርቦው እስኪመጣ በጠንካራ ክዳን ይዝጉት። የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፣ ቱርቦ ባይገጠምም የሚጎዳ ነገር የለውም። ቱርቦ አንድም ቀን ሳይገጠምላቸው የቀሩ «የቱርቦ ዝግጅቶች» ብዙ ስለሆኑ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም።

ቴስታታው ለብቻው ይፈተሻል፦ ፊቱ አለመጣመሙ በቀጥ ማስመሪያና በክፍተት መለኪያ፣ የቫልቮላዎቹ መግጠም በቤንዚን ወይም በናፍታ ማፍሰስ፣ ጎሚኒዎቹ ሁሉ በአዲስ ይቀየራሉ። ካቴናው፣ መወጠሪያውና የውኃ ፓምፑ በዚሁ አጋጣሚ መቀየር ያለባቸው ናቸው።

ስለ ማቀዝቀዣው ግን ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና የኩላንቱ ቅልቅል ነው። ያረጀ ክዳንና ተራ የቧንቧ ውኃ ይዞ የሚዞር ሞተር ያለ ቱርቦም ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ኩላንቱ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል በከተማችን የተለመደ «መፍትሔ» ሆኗል፤ ውጤቱ ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ፣ ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ እያበዛ፣ ፋሻና ሲሊንደር እየተበሉ መንዳት ነው። ምናልባትም የእርስዎ ሞተር ዘይት መብላት የጀመረው በዚሁ መንገድ ሊሆን ስለሚችል ቴርሞስታቱ መኖሩን ዛሬ አይተው ያረጋግጡ። አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ክዳንና ትክክለኛ ኩላንት የዚህ ዕድሳት ክፍል ናቸው።

አሁን ስለማይገዙት ዕቃ። ቱርቦ ርካሽ ተገኘ ተብሎ ዛሬ አይገዛ፤ ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ አሮጌ ቱርቦ ሲገጠም ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም፣ መጠኑም ከግብዎ ጋር ላይስማማ ይችላል። ከፍታው እዚህም ላይ ይገባል፦ 0.5 ባር ለመጨመር የባሕር ጠለል ቱርቦ አየሩን 1.5 ጊዜ ሲጨምቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው 1.65 ጊዜ ገደማ መጭመቅ አለበት፤ ይበልጥ ይፈጥናል፣ አየሩንም ይበልጥ ያሞቃል። ከናፍታ መኪና የወረደ ትንሽ ቱርቦ በብዛትና በርካሽ ይገኛል፤ የቤንዚን ጭስ ግን ከናፍታው በጣም ስለሚሞቅ ለናፍታ የተሠራ ቤቱና ተርባይኑ ላይችለው ይችላል።

ነዳጁን በተመለከተ መኪናዎ ወደ ታንኩ የሚመለስ የነዳጅ መስመር የለውም፤ ተቆጣጣሪው ታንኩ ውስጥ ሆኖ ግፊቱን ከ3 ባር ጥቂት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ቱርቦው ማኒፎልዱ ውስጥ 0.5 ባር ሲጨምር ኢንጄክተሩ የሚረጭበት ልዩነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ያንሳል ማለት ነው። ነዳጅ ያጠረው የቱርቦ ሞተር ያለጊዜው ያቀጣጥላል፣ ፒስተን የሚሰበረውም ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። ስለዚህ በኋላ ቱርቦው ሲመጣ ኢንጄክተርና የሚስተካከል ኮምፒውተር፣ የአየርና ነዳጅ ምጣኔን በሰፊው የሚያነብ ኦክስጅን ሴንሰር፣ አንድ ደረጃ የቀዘቀዘና ክፍተቱ ወደ 0.7 ሚሊሜትር የጠበበ ካንዴላ አብረው ይምጡ። ይህን ሁሉ የሚያስተካክል ሰው ሳያገኙ ቱርቦ አይግጠሙ። የማስተካከሉ ሥራም አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተሠርቶ አያበቃም፤ ቱርቦውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ የሚጠብቀው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ጭማሪ ስለሆነ፣ ወደ አዋሽ ሲወርዱ ጌጁ ያንኑ 0.3 እያሳየ ሞተሩ የሚቀበለው ጠቅላላ አየር ግን ይጨምራል፤ ሙቀቱም እዚያው አለ። ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ግፊቱንና የሚገባውን አየር ሙቀት የሚያነቡ ሴንሰሮች ሊኖሩት ይገባል። ፍሬንና ፍሪሲዮንም ከዚያ በፊት መታየት አለባቸው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ሞተር መጠበቅ የሁላችን ጉዳይ ሆኗልና፣ ይህ ብሎክ ለመማሪያ የሚሰበር እንዳይሆን እመክራለሁ። ገንዘብዎን በዚህ ቅደም ተከተል ያውጡት፦ መጀመሪያ የልኬት መሣሪያ ወይም የሚለካ ታማኝ ባለሙያ፣ ቀጥሎ ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ ቡሎንና ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ፣ ከዚያ የማቀዝቀዣው ዕቃ። ፒስተኖቹ ማቀፊያቸው ካልተበላና ካልተሰነጠቀ መቀየር ግዴታ አይደለም።

ሞተሩ ሲነሣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎሜትሮች ቆሞ ረጅም ጊዜ አይሥራ፤ መካከለኛ ጫና እየሰጡ፣ ፍጥነቱን እያፈራረቁ ይንዱት፣ ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው በጫና ነው። ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎሜትሮች በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀይሩ፣ ፊልትሮውንም ቀደው ብልጭልጭ ብረት እንዳለ ይመልከቱ። 3,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ኮምፕሬሽኑን ዳግመኛ ይለኩ፤ አራቱ ሲሊንደሮች ከተቀራረቡና ዘይቱ ካልጎደለ፣ ሞተሩ ለቱርቦ ዝግጁ ነው።

ብሎኩ ተፈትቶ ታጥቦ ሲለካ የአራቱን ሲሊንደሮች 24 ቁጥሮች፣ ከብሎኩና ከኮሎው ላይ ካነሡት ፎቶ ጋር አያይዘው ይላኩልኝ፤ ሆኒንግ ይበቃው እንደሆነ ወይም ሌላ ብሎክ መፈለግ እንዳለብዎ ከቁጥሮቹ ተነሥተን እንወስናለን። እስከዚያ ድረስ መካኒክዎ ብሎኩን ለሪቦር እንዳይወስዱት ይንገሯቸው።